የማውስ መዘውር ለማስተካከል ስንት ፕሮግራም ያስፈልገናል?

ይህን አስተያየት በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ለማቅረብ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት በኮምፒዩተር ክፍላችን የደረሰ ጉዳይ ነው። አንዲት ሠልጣኝ ጓደኛችን የማስተማር ልምምዷን በፕሮጀክተር ስታቀርብ፣ ምንባቡን አንድ ሁለት መሥመር ከፍ ለማድረግ የማውሱን መዘውር፣ እኛ «ጎማዋ» የምንላትን ማለቴ ነው፣ በጣቷ ነካ አደረገችው። ገጹ ተፈትልኮ ሄደ። ልትመልሰው ስትሞክር ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን አለፈ። እንደ ተማሪ ሆነን ስንገለብጥ የነበረው ዓረፍተ ነገር ከመካከሉ ጠፋብን፤ ከኋላ ሳቅ ተነሣ፤ እሷም ላብ በላብ ሆነች። በግምገማው ላይ የትምህርት መርጃ መሣሪያ አያያዟ ደካማ ተባለ። እንዴ! ጥፋቱ መቼ የእሷ ሆነና? ከእሷ በፊት እዚያ የተቀመጠ ሰው መዘውሩ አንድ ጊዜ በተነካ ቁጥር ሙሉ ገጽ እንዲዘል አድርጎት ኖሯል የሄደው።

በማግሥቱ መፍትሔ ተብሎ የመጣው ነገር ደግሞ ከችግሩ ባሰ። አንድ ወንድማችን በቅን ልቡና ከየት እንዳወረደው የማያስታውሰውን ፕሮግራም በፍላሽ አምጥቶ ጫነበት። መዘውሩ ተስተካከለ፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብራውዘሩ ሲከፈት የማናውቀው ገጽ ይቀድመናል፣ ማስታወቂያም ይዘንባል። አንዲት ቁጥር ለመለወጥ ይህን ሁሉ መሸከም ምን ይሉታል?

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። አስቀድሞ ማሽኑ ራሱ ያለውን ማየት፣ እሱ ካልበቃ ደግሞ የጎደለውን ያንኑ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም መምረጥ።

ማሽኑ ምን አለው? መዘውሩ በየእርከኑ ሲዞር ምልክት ይልካል፤ ያንን ምልክት ወደ መሥመር የሚለውጠው ዊንዶውስ ነው። ማንም ካልነካካው ልኩ በአንድ እርከን 3 መሥመር ነው። ይህም ሴቲንግስ ተከፍቶ ማውስ በሚለው ሥር ይገኛል፤ ቁጥሩን ማሳነስም ማብዛትም፣ ወይም ሙሉ ገጽ እንዲዘል ማድረግም ይቻላል። በጓደኛችን ላይ የደረሰው ይኸው የመጨረሻው ነው፤ ለማረም አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ከፍቶ ሳይጫኑ ቀስቱ ያረፈበትን ብቻ ማንቀሳቀስም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ዊንዶውስ 10 ጀምሮ አብሮ የተሠራ ነገር ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ግን ይህ የለም፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን የያዘ ሰው ዊዝማውስን የመሰለ ትንሽ ፕሮግራም ቢጭን አልፈርድበትም።

በነገራችን ላይ፣ ወደ ታች ሲያዞሩት ወደ ላይ የሚዘልል መዘውር ብዙ ጊዜ አቧራ የገባበት ወይም ያረጀ ነው። ለእሱ ሶፍትዌር መፈለግ ለተነፋ ጎማ ነጂ እንደ መቀየር ይሆናል። መጀመሪያ ይጠረግ፣ ወይም ሌላ ማውስ ሰክቶ ማየት ነው።

አብሮ የተሠራው የማይበቃበትም ጊዜ አለ። ለምሳሌ ረጅም ሞጁል ሲያነቡ ፈጠን፣ የውጤት ሠንጠረዥ ሲሞሉ ደግሞ አንድ አንድ መሥመር እንዲሄድ የሚፈልግ ሰው ይኖራል። ዊንዶውስ ለሁሉም አንድ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ኤክስ ማውስ በተን ኮንትሮል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ለየፕሮግራሙ የተለየ ልክ ይይዛል። ማክ ያላቸው መምህራንም ሌላ ችግር አለባቸው፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 የመንሸራተቻውን አቅጣጫ ከገለበጠ ወዲህ የላፕቶፑን መዳሰሻ አንድ ዓይነት፣ ማውሱን ሌላ ዓይነት ላድርግ ቢሉ ማሽኑ አንዱን ሲቀይሩ ሌላውንም ይቀይረዋል። ስክሮል ሪቨርሰር ይህችን ብቻ ይለያያል፤ ነፃ ነው፣ የተጻፈበትም ኮድ ለሚያይ ሁሉ ክፍት ነው።

«ሜሞሪ በረከሰበት ዘመን ስለ ጥቂት ሜጋባይት ምን ያጨቃጭቃል?» የሚሉኝ አሉ። ለአዲስ ላፕቶፕ ባለቤት ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። የኛ ክፍል ኮምፒዩተሮች ግን ጽሑፍና ብራውዘር አንድ ላይ ሲከፈትባቸው የሚያቃስቱ ናቸው። ደግሞም ክብደት ስል ሜሞሪ ብቻ ማለቴ አይደለም። መዘውር የሚያስተካክል ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ከበራ እስኪጠፋ ድረስ በእጃችንና በሌላው ሥራ ሁሉ መካከል ቆሞ የሚውል ነው። ማክ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ኮምፒዩተሩን እንዲቆጣጠር ፈቃድ ስጠው ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። ታዲያ ይህን ያህል ሥልጣን ሠሪው ለማይታወቅ ነገር እንዴት ይሰጣል?

መመዘን ለሚፈልግ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ፕሮግራሙን ይፈልገው። ማውሱ ሳይነካ የሚወስደው የሲፒዩ ድርሻ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ካልሆነ ያስወግደው። መዘውር ላስተካክል ብሎ አካውንት ክፈት፣ ኢሜይል አስገባ የሚለውን ደግሞ መመዘንም አያስፈልግም።

በግል ማሽን ላይ እያንዳንዱ እንደ እጁ ያድርግ። የጋራው ግን ሌላ ነው። ዊንዶውስ የማውስን ልክ የሚያስቀምጠው በየተጠቃሚው ስም ነው፤ እኛ ደግሞ ሁላችንም በአንድ ስም ነው የምንገባው። ስለዚህ አንዱ ለራሱ ያደረገው ለቀጣዩ ይተርፋል፤ ቀጣዩ ደግሞ ሰው ፊት ቆሞ የሚገመገም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለክፍሉ ኃላፊ መምህራችን ሁለት ነገር በትሕትና አሳስባለሁ። ቢቻል ለማስተማር ልምምድ ብቻ የሚያገለግል የተለየ መግቢያ ስም ይከፈትልን። ይህ እስኪሆን በየኮምፒዩተሩ አጠገብ «የመዘውር ልክ፦ 3፤ ቀይረህ ከሆነ መልስ» የሚል ወረቀት ይለጠፍ። ወረቀቱን እኔ እጽፋለሁ፤ ማጣበቂያ ብቻ ይፈቀድልኝ። የጓደኛችን ግምገማም በተስተካከለ ማውስ እንደገና ቢታይላት መልካም ነው።