ካፖርት ለአፍንጫ ደፍጣጣው ውሻ

የዝውውር ትእዛዝ በደረሰ ቁጥር የጦር ሰፈር ቤተሰብ ጓዙን ይሸክፋል። ድስቱና ፍራሹ ከተጫነ በኋላ ልጆቹ የማይለዩት ውሻም ከመኪናው ላይ ይወጣል። ይህ ውሻ እንደ ፓግ፣ እንደ ፔኪንጊዝ ወይም እንደ ቡልዶግ አፍንጫው የተደፈጠጠ ከሆነ፣ በደጋ የተሰፋለትን ካፖርት እንደ ለበሰ ወደ ቆላ መውረዱ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። በዛሬው ዓምዳችን ስለዚሁ ልብስ አመራረጥ እናወጋለን።

ከሞያሌ በስተ ምዕራብ፣ በኬንያ በኩል ከድንበሩ አጠገብ፣ ኡራን የምትባል የቦረናዎች መንደር አለች። በዚያ አካባቢ «ክረምት» የሚለው ቃል ደገኛውን ያሳስተዋል። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ሐምሌንና ነሐሴን በዝናብ ስታሳልፍ፣ ቦረናው አዶሌሳ በሚለው ደረቅ፣ ደመናማና ነፋሻ ወቅት ላይ ነው። የእርሱ ዝናብ የሚጠበቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞም በጥቅምትና በኅዳር ነው። በታኅሣሥና በጥር ደጋው በውርጭ ሲመታ፣ ኡራን በበጋ ፀሐይ ትጋያለች። ስለዚህ ለደጋው ታኅሣሥ የተገዛ ወፍራም ካፖርት በዚያ ወር ወደ ቆላ ሲወርዱ ከሣጥን ሊወጣ አይገባውም።

ውሻ ከመዳፉ ጥቂት ካልሆነ በቀር እንደ ሰው አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። አፍንጫ ደፍጣጣው ግን ቀዳዳው ጠባብ፣ የላንቃው ለስላሳ ክፍልም ከአፉ የረዘመ በመሆኑ አየሩ እንደ ልብ አያልፍለትም። ብዙዎች እንደ ለዛ የሚቆጥሩት ማንኮራፋቱ የዚሁ ጭንቀት ድምፅ ነው። ኔዘርላንድ የአፍንጫቸው ርዝመት ከራስ ቅላቸው ሲሶ ያነሰ ውሾችን ማራባት የከለከለችው በከንቱ አይደለም። ረጅም አፍንጫ ያለውን የቦረና እረኛ ውሻ ካፖርት ብናለብሰው ግን ከብቶቹም ሳይቀሩ የሚስቁብን ይመስለናል።

በአዶሌሳ ማለዳ ነፋስ ሲበረታ፣ ወይም ወደ ደጋ ሲመለሱ፣ ልብሱ ያስፈልግ ይሆናል። ሲመርጡ የጀርባውን ርዝመት ብቻ አይመልከቱ። የዚህ ዓይነቱ ውሻ ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱም ወፍራም ነውና ልኩ የሚወሰደው ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ደረቱ በሰፋበት ቦታ ነው። ሁለት ጣት በልብሱና በገላው መካከል ያለ ችግር ይግባ። በራሱ የሚጠለቀውን ሹራብ እኛ አንወደውም፤ ፊቱንና ዓይኑን ይፈትጋል፣ በችኮላም አይወልቅም። ከሆዱ በታች በቁልፍ የሚታሰረው ይሻላል። ቆብ ያለውን፣ ጉሮሮውንም የሚያንቀውን ይተዉት። ላስቲክም ዝናብ ቢከለክል ሙቀቱን አፍኖ ያስቀራል።

ባለሙያ እናት ከአሮጌ የሱፍ ሹራብ በአንድ ምሽት ልትሰፋው ትችላለች። በግምጃ ቤት መዝገብ ያለ ብርድ ልብስ ግን የመንግሥት ንብረት ነውና መቀስ አይንካው! ልብሱ ከረጠበ ወዲያው ይውለቅ፤ የፊቱ እጥፋቶችም በደረቅ ጨርቅ ይጠረጉ፤ እርጥበት ያቆስላቸዋልና።

በጉዞ ላይ ሳለ ማለክለኩ ከበረታ፣ ምላሱም ወደ ሰማያዊነት ካደላ፣ ሾፌሩን ያስቁሙት። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 41 ካለፈ ሞት ቅርብ ነው። ካፖርቱን አውልቀው ከጥላ ሥር ያሳርፉት፤ ቀዝቃዛ ውሃ በገላው ላይ እያፈሰሱ ያራግቡለት፤ በአፉ ግን በግድ አይጋቱት። የእንስሳት ሐኪም ፍለጋ መኪናው የሚነሣው ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ በመንገድም ላይ መስኮቱ ተከፍቶ ማራገቡ ይቀጥል።