ነገሌ ቦረና ከሮቦቱ በፊት ካቢኔት ያስፈልጋታል

ሰሞኑን አንድ የማውቀው ደላላ ከነገሌ ቦረና ደውሎ «ጋሼ፣ የካንሰር መድኃኒት የሚቀምም ሮቦት ማስመጣት የሚፈልግ ባለሀብት ይዣለሁ፤ ያዋጣል?» ሲል ጠየቀኝ። ባለሀብቱ በቁም ከብት ንግድ ገንዘብ የያዘ ሰው ነው፤ በከተማዋ ክሊኒክ ሊከፍት ያስባል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን «አያዋጣም» አልኩት፤ ምክንያቱን እነሆ።

በመጀመሪያ ችግሩ እውነተኛ መሆኑን እንመን። በነገሌ የከብት ገበያ የሰነበተ ደላላ አንድን የቦረና ሰንጋ በዓይኑ አይቶ ኪሎውን ቢናገር ብዙም አይስትም፤ ቢስትም የሚጎዳው ኪስ ነው። የካንሰር መድኃኒት ግን በዓይን አይለካም። የብዙዎቹ መጠን የሚሰላው ከሕመምተኛው ቁመትና ክብደት ተነስቶ ነው። ቪንክሪስቲን የሚባለውን መድኃኒት ሐኪሞች ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊ ግራም በላይ መስጠት የሚፈሩት በከንቱ አይደለም፤ ነርቭ ይጎዳል።

አደጋው ለሕመምተኛው ብቻም አይደለም። መድኃኒቱን ከብልቃጥ ወደ ስሪንጅ የምትቀዳው ነርስ ትነቱንና ብናኙን ትተነፍሳለች፣ ጠብታው እጇ ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የፊንላንድ ተመራማሪዎች እነዚህን መድኃኒቶች በሚያዘጋጁ ነርሶች ሽንት ውስጥ የዘር ቅንጣትን የሚለውጥ ነገር ምልክት አገኙ። በ1985 ደግሞ በዚያው አገር ነርሶች ላይ የተደረገ ጥናት የፅንስ መውረድን ከመድኃኒቶቹ ጋር አያያዘው። እንግዲህ በመስኮት አጠገብ፣ በተራ ጓንት፣ ያለ ምንም መከለያ የሚቀዳ መድኃኒት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምት።

ሮቦቱ የተፈጠረው ለዚህ ነው። በዝግ ክፍል ውስጥ የብረት ክንድ አለው፤ ብልቃጡን ለይቶ ያነሳል፣ ከመቅዳቱ በፊትና በኋላ ይመዝናል፣ ልዩነቱ ከታዘዘው መጠን ካልገጠመ ስሪንጁን ይጥለዋል። በጣሊያን የአንኮና ሆስፒታል ከአንድ የአካባቢው ኩባንያ ጋር ሆኖ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሠርቶ ለዓለም ገበያ አብቅቷል።

ታዲያ ምኑ ላይ ነው ችግሩ? ብልቃጡ ላይ ነው። ክንዱ ብልቃጥን የሚይዘው ቁመቱንና የአንገቱን ስፋት አስቀድሞ ሲያውቅ ነው፤ ለእያንዳንዱ አምራች ብልቃጥ ለየብቻ ይስተካከላል። እኛ ዘንድ መድኃኒት የሚገዛው በጨረታ ነው። ዘንድሮ የአንዱ አገር ፋብሪካ ያሸንፋል፣ ለከርሞ የሌላው። ጨረታው በተቀየረ ቁጥር መሣሪያውን የሚያስተካክል ባለሙያ ሊጠራ ነው። ከየት? ነገሌ ድረስ? የሚጠቀምበት ልዩ ልዩ አላቂ ዕቃም አለ፤ እሱ ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በብር የተሰላ የአላቂ ዕቃ ሒሳብ ምን እንደሚሆን ለነጋዴ አላስተምርም። መሣሪያው ዋጋውን የሚመልሰው በቀን ብዙ ዶዝ በሚወጣበት ቦታ ነው፤ በጣት የሚቆጠር ሕመምተኛ ባለው ክሊኒክ ግን የተሸፈነ ጌጥ ይሆናል።

ለምርመራ የሚሰጠውን የጨረር መድኃኒት ያሰበ ካለ ደግሞ ሒሳቡ ከዚህም ይከፋል። ቴክኒሺየም የሚባለው በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ ነገሌ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሐዋሳና በአዶላ (ክብረ መንግሥት) በኩል መኪናው 12 ሰዓት ከፈጀ የሚደርሰው ሩብ ነው። በ110 ደቂቃ የሚገመሰው ፍሎሪን ከመቶው አንድ ያህል ብቻ ይተርፈዋል። ለእንቅርት ዕጢ የሚሰጠው አዮዲን ይሻላል፤ ግማሹን ለማጣት 8 ቀን ይፈጅበታል። እሱም ቢሆን የሚሰጠው ልዩ ክፍልና ልዩ ፈቃድ ባለበት ነው።

ወደ ካንሰሩ እንመለስ። የነገሌ፣ የያቤሎ፣ የሞያሌ ወይም የፊልቱ ሕመምተኛ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል። ብዙው የኬሞቴራፒ ሕክምና በየሦስት ሳምንቱ ስለሚሰጥ መንገዱ አያልቅም። ገበያ ላይ በወደቀ ዋጋ ከምንገዛው ከብት መካከል ለዚህ ጉዞና ለአልጋ የተሸጠ እንዳለ ነጋዴዎቻችን ያውቁታል።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሮቦቱ ሐዋሳን በመሰለ የካንሰር ማዕከል ይቀመጥ፤ ከተበጠበጡ በኋላ ቀናት የሚቆዩት መድኃኒቶች ተዘጋጅተው፣ ስም ተጽፎባቸው በማቀዝቀዣ ሣጥን ወደ ቆላው ከተሞች ይውረዱ። ክትባት እንዲህ እየተጓዘ ነው የኖረው። እንደ አዛሲቲዲን ያሉ በሰዓታት ውስጥ የሚበላሹትን ደግሞ እዚያው የሠለጠነ ፋርማሲስት ያዘጋጃቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው አየሩን ወደ ታች ስቦ በማጣሪያ የሚያወጣ የደኅንነት ካቢኔት፣ ትነት የማያስወጣ የብልቃጥና የስሪንጅ መጋጠሚያ፣ ትክክለኛ ሚዛን፣ ለዚሁ የተሠራ ጓንትና ጋውን ነው። ቆሻሻውም በጓሮ ጉድጓድ አይቃጠልም፤ ከፍተኛ ሙቀት ያለው ማቃጠያ ይፈልጋል። ነጋዴ የሚሠራበት ቦታ ይሄ ነው። መጋጠሚያውና ጓንቱ በየወሩ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ደንበኛው ተመላልሶ ይመጣል።

አስመጪዎች አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ካቢኔት የሚመስል፣ ግን አየሩን በቀጥታ ወደ ሠራተኛው ፊት የሚነፍስ ሣጥን አለ። መድኃኒቱን ከጀርም ይጠብቃል፤ ሠራተኛውን ግን ለመርዙ ያጋልጣል። ዋጋው ረከሰ ብሎ ይህንን ለኬሞቴራፒ የሚሸጥ ሰው ነጋዴ አይባልም።

ይህን ሁሉ ለደላላው ነገርኩት። በማግስቱ ደውሎ «ካቢኔት አግኝቻለሁ» አለኝ። ማጣሪያውን በየዓመቱ የሚፈትሸው ባለሙያ ከየት እንደሚመጣ ሻጩን ጠይቅልኝ አልኩት። እስካሁን አልደወለም።