ከሱስ ለሚያገግሙ ለመሥራት መልካም ልብ ብቻውን አይበቃም

ወደ ምርመራ ክፍሌ የሚገቡት ሁሉ ታካሚዎች አይደሉም። አልፎ አልፎ በሳይኮሎጂ፣ በነርስነት ወይም በሶሻል ወርክ የተመረቁ ወጣቶች ምክር ፍለጋ ይመጣሉ። «ዶክተር፣ በሱስ ማገገሚያ ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ይሉኛል። ከመካከላቸው ወንድማቸውን ወይም አባታቸውን በመጠጥ ያጡ አሉ። ራሳቸው ከጫት ወይም ከሲጋራ የተላቀቁም አሉ። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነው። ከቅጥር በፊት ልምድ ባለው ባለሙያ ዓይን ሥር ሆናችሁ ለተወሰኑ ወራት የምትለማመዱበትን ቦታ ፈልጉ።

ይህን የምለው ከራሴ ስህተት ተነስቼ ነው። ኢንተርን ሳለሁ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ተመድቤ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጠዋት አረቄ ሳይቀምሱ ሥራ መጀመር የማይችሉ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ ልብስ ሰፊ አጋጠሙኝ። እኔም አልኮል ጉበትን እንዴት እንደሚጎዳ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ። «የኔ ልጅ፣ ጉበቴን ነግረውኛል። እኔን የቸገረኝ እጄ ነው። ሲንቀጠቀጥ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አልችልም። አንድ መለኪያ ስቀምስ ይቆምልኛል። ይሄን ምን ላድርገው?» መልስ አልነበረኝም። ከክፍሉ ስንወጣ አብራኝ የነበረችው አንጋፋ ነርስ «ዶክተር፣ አንተ ስለ ጉበት አስተማርካቸው፤ እሳቸው የነገሩህ ግን ስለ እንጀራቸው ነው» አለችኝ።

በማግሥቱ ነርሷ አጠገባቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጠጡ ምን እንደሚያደርግላቸው፣ ምን እንዳሳጣቸው፣ ቢያቆሙ በመጀመሪያ ምን ማግኘት እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። አብዛኛውን የተናገሩት እሳቸው ነበሩ። ይህ ዘዴ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቁት፣ በኋላም ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ያዳበሩት የምክክር ስልት መሆኑን በትምህርት ቤት ተምሬ ነበር። መሠረቱ ታካሚው ለመለወጥ ያለውን ምክንያት ራሱ እንዲናገር መርዳት ነው። ለፈተና ያጠናሁትን ነገር በሥራ ላይ ያወቅሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ልምምድ የሚያስፈልገው የአነጋገር ዘዴን ለመማር ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወትም አለበት። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ አልኮል ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊጀምሩት ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ግራ መጋባት፣ የሌለ ነገር ማየትና ከፍተኛ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። ቤተሰቡ ለበጎ ብሎ ክፍል ውስጥ የቆለፈበት ሰው በሁለተኛው ቀን እየተንፈራገጠ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ በዓይኔ አይቻለሁ። «ወንድ ከሆንክ ከዛሬ ጀምረህ አቁም» ብሎ የሚመክር ጀማሪ አማካሪም ሳያውቅ ተመሳሳይ አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

ሁሉም ሱስ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ጫት ያቆመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመው ድካም፣ እንቅልፍ መብዛት፣ ቅዠትና ድብርት ነው። ለጫት ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት ባለመኖሩ ትልቁ ሥራ የሚወድቀው በምክክርና በክትትል ላይ ነው። ድብርቱ ሲበረታ ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለ በግልጽ መጠየቅም ያስፈልጋል። ትራማዶልን በመሳሰሉ መድኃኒቶች ሱስ የተያዘ ሰው ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ካቆመ በኋላ ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን መሸከም ይሳነዋል። ወደዚያው መጠን ከተመለሰ ሊሞት ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ከማዕከሉ ለሚወጣ ታካሚ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ይሸኘዋል።

በልምምድ ወቅት ከሚያስተምሩ ነገሮች ሌላው ማገርሸት ነው። ጀማሪ ባለሙያ የተንከባከበው ታካሚ ተመልሶ ሲጠጣ ይናደዳል፤ ወይም ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። ሱስ ግን እንደ ደም ግፊትና እንደ አስም ክትትል የሚፈልግና ሊያገረሽ የሚችል ሕመም ነው። እኚያ ልብስ ሰፊ በመድኃኒት ታግዘው መጠጡን ካቆሙ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሰው ጠጥተው ነበር። አፍረው እቤታቸው ያልቀሩት ነርሷ አስቀድማ «ቢጠጡም እንኳ ቀጠሮዎን አይቅሩ» ብላቸው ስለነበር ነው።

እንግዲህ ወደዚህ ሙያ ለመግባት የምታስቡ ወጣቶች፣ የልምምድ ቦታ ስትመርጡ የሚከተሉትን ጠይቁ። በየሳምንቱ ሥራችሁን የሚገመግምና ስትሳሳቱ የሚያርማችሁ ባለሙያ ማን እንደሆነ ስሙን እወቁ። ታካሚ ሌሊት ቢንፈራገጥ ማን እንደሚጠራና ወደየትኛው ሆስፒታል እንደሚላክ ይነገራችሁ። የታካሚ ሚስጥር አጠባበቅ በጽሑፍ መኖሩን አረጋግጡ። ገደባችሁንም ለዩ፤ ተለማማጅ መድኃኒት አያዝም፣ ለታካሚ ገንዘብ አያበድርም፣ ከእሱም አይበደርም፣ ብቻውን ቃል አይገባም። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ቦታ ደመወዝ ቢከፍልም እንኳ ለመጀመሪያ ትምህርት አይሆንም።

ከሱስ ወጥታችሁ ሌላውን ማውጣት ለምትፈልጉ ደግሞ ልምዳችሁ ትልቅ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የተጀመረውና ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው የአልኮል ሱሰኞች የእርስ በርስ መረዳጃ ማኅበር መሥራቾች በመጠጥ የተጎዱ አንድ የአክሲዮን ገበያ ባለሙያና አንድ ሐኪም ነበሩ። ይሁን እንጂ እናንተ የወጣችሁበት መንገድ ለሁሉም ላይሠራ ይችላል። የታካሚው ታሪክ የራሳችሁን ቁስል ሲነካባችሁ የምትነግሩት ሰው ሊኖራችሁም ይገባል። አምሮቱ ሲመለስባችሁ ለተቆጣጣሪያችሁ መናገር ራስንም ታካሚንም መጠበቅ ነው፤ ሊያሳፍራችሁ አይገባም።

ለማገገሚያ ማዕከላትና ለሆስፒታሎችም አንድ ቃል አለኝ። ተለማማጅ ነፃ የጉልበት ሠራተኛ አይደለም። የሰው እጥረት ስላለ ብቻ ያለ ተቆጣጣሪ የሌሊት ተረኛ ማድረግ ለእሱም ለታካሚውም አደጋ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያ እንዳይተላለፍም አግዷል። ሕጉ አዲስ ገቢዎችን ለመቀነስ ይረዳል። አስቀድሞ የገባውን ለማውጣት ግን በአግባቡ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ያን ሰው ማፍራት የሚቻለው ደግሞ ማስተማር የሚችሉ ተቋማት በራቸውን ሲከፍቱ ነው።

ቤተሰቦችም አግዙን። ከሐኪሙ ጋር ተለማማጅ ወደ ክፍሉ ሲገባ ፈቃዳችሁ ሊጠየቅ ይገባል፤ አለመፈለግም መብታችሁ ነው። ስትፈቅዱ ግን ነገ የሌላውን ልጅ የሚረዳ ባለሙያ እያስተማራችሁ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና በቤታችሁ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ካለ በራሳችሁ ውሳኔ በድንገት አታስቁሙት፤ ቀድማችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። ማቆሙ የግድ ነው፤ የሚያቆመው ግን በባለሙያ እየታየ ይሁን።