በሬን ከማሳ፣ ማሳን ከጫካ የለየ ትምህርት

የግብርና ትምህርታችን ሥር የሰደደ ሕመም አለበት። ገበሬው አንድ አድርጎ የሚኖረውን ኑሮ እየበጣጠሰ ያስተምራል። የእንስሳት ሳይንስ ለብቻው፣ የዕፅዋት ሳይንስ ለብቻው፣ የተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ለብቻው፣ የገጠር ልማትም እንዲሁ ለብቻው ነው። ተማሪው ከአንዱ በር ገብቶ በዚያው በር ተመርቆ ይወጣል። ይህንንም እንደ ዕውቀት ጥልቀት ቆጥረን እናወድሰዋለን። የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ የሚያውቅ ሰው ግን ውዳሴውን ሊቀበል አይገባም።

ከመካነ ሰላም ወጥቶ ወደ ሳይንት ወይም ወደ ለጋምቦ ደጋ የዘለቀ ሰው በየግቢው የተከመረ ኩበት ያያል። እናት በበጋ እበቱን በእጇ ጠፍጥፋ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ ለክረምት ማገዶ ታከማቻለች። የእንስሳት ሳይንስ ምሩቅ እዚህ ግቢ ሲገባ የሚታየው የመኖ እጥረት ነው፤ ከብት ቀንሱ ይላል። የአፈሩ ባለሙያ እበቱን አታንድዱት፣ ማሳ ላይ ይዋል ይላል። የደኑ ባለሙያ ዛፍ ትከሉ ይላል። ሦስቱም እውነት ይናገራሉ። የእናቲቱ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ እበቱ ማሳ ላይ ከዋለ ምጣዱ በምን ይሰማል? ከብቱ ከቀነሰ የሚያርሰው በሬ ከየት ይተካል? ዳገቱ ዛፍ ከለበሰ በጉ የት ይሰማራል? ይህን ጥያቄ የእኔ ነው ብሎ የሚቀበል የትምህርት ክፍል የለም።

ክፍፍሉ እስከ ቀበሌ ይወርዳል። ለሰብል አንድ፣ ለእንስሳት አንድ፣ ለተፈጥሮ ሀብት አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የመመደብ አሠራር ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሦስቱም የየራሳቸውን ዕቅድ ይዘው ወደ አንድ ገበሬ ደጃፍ ይሄዳሉ። አንዱ ተራቆተ የተባለውን ዳገት ሲከልል፣ ሌላው የበግ እርባታ እንዲሰፋ ይወተውታል። ሁለቱ ቀድመው አብረው ቢመክሩ ከተከለለው ዳገት ሣር አጭዶ በጉን ማደለብ ይቻላል፤ ዳገቱም ያገግማል፣ በጉም ይጠግባል። ተለያይተው ሲያቅዱ ግን ገበሬው በሁለት ትእዛዝ መካከል ይቆማል።

የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም ይህንኑ ያሳያል። የደንቆሮ ጫካን ያቀፈው ይህ ፓርክ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ በአጠቃላይ የቀረውም ከ500 ያንሳል። በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከገበሬው ውሾች የተሻገረ ነበር። ስለዚህ በፓርኩ ዙሪያ በግ የሚጠብቀውን ውሻ መከተብ የእንስሳት ሕክምናም፣ የዱር እንስሳት ጥበቃም፣ የእረኛው ቤተሰብ ጤናም ነው። ይህን አንድ ሥራ በሦስት ክፍል የሸነሸነው ትምህርት ቤት እንጂ ተፈጥሮ አይደለም።

ትምህርቱን ከገበሬው የለየው ክፍፍልም ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ ሲደራጅ ማስተማርን፣ ምርምርንና ዕውቀትን ለገበሬ ማድረስን አንድ ላይ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ዕውቀትን ለገበሬ የማድረሱ ማለትም የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ተቋቋመ። ውሳኔዎቹ የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ውጤታቸው ግን መምህሩን ከገበሬው አራቀው።

ሁሉን ልማር ያለ አንዱንም አያውቅም የሚሉ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ የታመመች ላም የሚያክም ሐኪም ሙያውን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። ነገር ግን በቀበሌ ደረጃ የሚፈለገው የመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ ዋና ሥራው የላም፣ የማሳና የዳገት ጥቅም ሲጋጭ ማመዛዘን ነው። ይህን ማመዛዘን ካልተማረ ጥልቀቱ ለማንም አይጠቅምም። ልዩ ሙያ በሁለተኛ ዲግሪ ይምጣ። የሥራ ማስታወቂያዎቻችንም የዲግሪውን ስም ብቻ እያዩ በሩን መዝጋት ይተዉ፤ አጥሩን የሚያጠብቁት እነሱም ናቸውና።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ የቆመው በዚህ ደጋ መሐል ነው። የመኸር እርሻ በሚጧጧፍበት ክረምት ተማሪ ወደ ቤቱ ይሄዳል ቢባል እንኳ፣ የደጋው የበልግ ገብስ የሚዘራውና የሚበቅለው ትምህርት ባልተዘጋበት ወቅት ነው። እንግዲያውስ የእንስሳት፣ የአፈርና የገጠር ልማት ተማሪዎች ተቀላቅለው አንድ ቀበሌ ይረከቡ። ከመጀመሪያው ዓመት እስከ ምረቃ በየበልጉ እዚያው ይመላለሱ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ጥያቄ ከገበሬው ይምጣ፤ ሲጨርሱም መልሱን በመምህራን ፊት ብቻ ሳይሆን ጥያቄውን ባነሣው ገበሬ ፊት ቆመው ያስረዱ። ገበሬው አልገባኝም ካለ ጽሑፉ አላለቀም።