ዕጣው ከመውጣቱ በፊት መሬቱ ይመከርበት

በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግባችሁ ከመቀነታችሁ እየፈታችሁ ቆጠባችሁ። የመሬቱ ጉዳይ ግን ከጎረቤት ጋር አላለቀም ነበር። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ተቃውሞ ገጠመው፤ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቶ በጥር 2008 ተሰረዘ። በየካቲት 2011 ደግሞ የቆዬ ፈጬ ዕጣ ሲወጣ ቆጣቢና ገበሬ ተፋጠጡ። በእኛ እምነት ሁለቱም ተበዳዮች ናቸው፤ ያጋጫቸው ሳይመክር የሚያቅድ ሹም ነው።

ዛሬም ሠርቶ አደሩ ሸገር አድሮ አዲስ አበባ ይውላል። ብትመርጡን፣ ሁለቱ ከተሞች እኩል ድምፅ የሚኖራቸው የጋራ የቤቶች ጉባኤ እንዲቋቋም ሕግ እናቀርባለን። የማንም ወሰን አይነካም። የውሃው፣ የመንገዱና የቤቱ ዕቅድ ግን አንድ ይሆናል፤ ለገበሬው ካሳ ሳይከፈል፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች ሳያጸድቁት አንድም ብሎክ አይጀመርም።