ጃፓን ሠራሽ ነው ብሎ መናቅ

ባለሁለት ቀንዱን ኤሌክትሪክ ጊታሬን ያዩ ጓደኞች «ምነው አሜሪካን ሠራሽ በሆነ!» ይላሉ። ቢዮ አዋሌ ለዕረፍት ይዤው ስሄድ ግን ሽማግሎቹ ድምፁን አዳመጡ እንጂ አገሩን አልጠየቁኝም።

ያማሃ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ኤስጂ 2000 ካርሎስ ሳንታና በዓለም መድረክ ተጫውቶበታል። እርግጥ ጃፓን ሠራሽ ሁሉ መልካም አይደለም። ስለዚህ ገዢ አንገቱ አለመጣመሙን ይመልከት፤ ክሩን እስከ መጨረሻው ፍሬት እየተጫነ ቅኝቱን ያዳምጥ፤ ቁልፉን እያዞረ መንኮሻኮሹን ይፈትን። ገላው ከአንገቱ ግራና ቀኝ የተጎረደውም ለጌጥ ሳይሆን ጣት ከቀጭኑ ድምፅ እንዲደርስ ነው።

የሙዚቃ ክበባችን ስመ ጥሩን ጊታር እየጠበቀ ዓመቱን ባዶ እጁን ከሚቀመጥ፣ ባለችው ጥቂት ገንዘብ በጆሮው መርጦ ይግዛ እላለሁ።