ባዶ ቦታም መልስ ነው



አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ሰው የማያውቀውን ወይም የሌለውን ነገር በተጠየቀ ጊዜ ዝም ቢል ነውር የለበትም፤ ነውሩ የሌለውን «አለኝ» ማለቱ ነው። ዛሬ ግን ዝምታን የማይቀበል አንድ ጠያቂ በየቤታችን ገብቷል። ይኸውም በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የሚሞላው ቅጽ ነው። አንዱን ሣጥን ባዶ ትተን «ላክ» የሚለውን ብንጫን፥ ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ «ይህን ሳይሞሉ ማለፍ አይቻልም» ይለናል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልገልጽ የምፈልገው አሳብ፥ ባዶ ቦታ ራሱ መልስ መሆኑንና፥ ይህን መልስ የማይቀበል ቅጽ እውነተኛውን ሰው ሐሰት እንደሚያስተምረው ነው።

ከስም እንጀምር። በአገራችን ልማድ ሰው በራሱ፥ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል እንጂ፥ እንደ አውሮፓውያን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በቀድሞ ልማዱ ጸንቶ ቀረ። ሕግ ያላስለወጠውን ልማድ አሁን ከውጭ የመጣ ቅጽ ሊያስለውጠን ይሞክራል። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ሣጥን አንዱ በአባቱ፥ ሌላው በአያቱ ስም ይሞላዋል። በፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ የተጻፈለት ሰው ደግሞ ለአሜሪካ ቪዛ ሲያመለክት፥ በራስ ስም ቦታ «ኤፍ ኤን ዩ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ይገቡለታል፤ ትርጓሜውም «የራስ ስሙ የማይታወቅ» ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምተናል፤ ሣጥን ሲያወጣው ግን ይህን ይመስላል።

አድራሻም እንዲሁ ነው። እኛ የሐና ማርያም ሰዎች ቤታችንን ለእንግዳ የምናመለክተው በቤተ ክርስቲያኑ፥ በታክሲ መውረጃው ወይም በታወቀ ሱቅ ነው። ደብዳቤም ለብዙው ሰው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ከውጭ የመጣው ቅጽ ግን የመንገድ ስምና የፖስታ መለያ ቁጥር ካልሰጣችሁኝ ብሎ ይሟገታል። ሰውም ሲሰለቸው አምስት ዜሮ ጽፎ ያልፋል። ቅጹ የፈለገውን አኃዝ አገኘ፤ እውቀት ግን አላገኘም።

ይህ ስሕተት ቅጽ በመሙላት ብቻ አያበቃም። አንድ ተማሪ በሁለት ፈተና 80 እና 90 አግኝቶ፥ በሦስተኛው ቀን ታሞ ቀረ እንበል። መምህሩ ቦታውን ባዶ ቢተወው የልጁ አማካይ ውጤት 85 ነው። ኮምፒዩተሩ ያንን ባዶ ቦታ ዜሮ ብሎ ቢቆጥረው ግን አማካዩ ከ57 በታች ይወርዳል። ልጁ ታሞ ነበር እንጂ ዜሮ አላገኘም። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ግዛት አንድ ሰው «ኑል» የሚል የመኪና ሰሌዳ አውጥቶ ነበር፤ ቃሉ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ባዶን ነገር የሚጠሩበት ነው። ሰሌዳቸው ያልተመዘገበ የሌሎች መኪናዎች ቅጣት ሁሉ ወደ እርሱ እየመጣ፥ ከ12,000 ዶላር በላይ መድረሱን በ2019 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተናግሯል። ባዶን ከቃል መለየት ያልቻለ ማሽን የሌላውን ዕዳ በንጹሕ ሰው ላይ ይጭናል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰው ልብ ነው። «የአባት ስልክ ቁጥር» የሚለው ሣጥን የግድ ይሞላ ከተባለ፥ አባቱ የሞተበት ወይም አባቱን የማያውቅ ልጅ ምን ይጻፍ? የጎረቤት ቁጥር ቢጽፍ ዋሸ፤ ባይጽፍ ከትምህርት ቀረ። እናቱ ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ በምዝገባ ቀን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሊገጥመው አይገባም።

እርግጥ ነው፥ ሁሉም ቦታ ባዶ ይቅር አልልም። ለፈተና የሚመዘገብ ተማሪ ስሙን ሳይጽፍ ቢልክ ፈታኙ ማንን ይጠራል? የግድ የሚያስፈልግ ነገር አለ፤ እርሱ ከፊቱ ኮከብ ተደርጎበት በግልጽ ይታወቅ። ለሌላው ግን «የለኝም»፥ «አላውቅም»፥ «አይመለከተኝም» የሚሉ ሦስት በሮች ይከፈቱ፤ ሦስቱ አንድ አይደሉምና። በተረፈ ፕሮግራም ሠሪው ተንኰልንም ይጠብቅ። ብዙ ቅጽ አንድ ጊዜ የክፍተት ቁልፍ ቢጫኑለት ባዶውን የተሞላ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ትርፉን ክፍተት አስወግዶ ይመርምር። በተጠቃሚው ብራውዘር ላይ የሚደረገውን ምርመራ ማለፍ የሚችል ሰው ስላለ፥ መረጃው ሰርቨር ከደረሰ በኋላም ደግሞ ይመርምር። ጉድለት ባገኘ ጊዜም የተሞላውን ሁሉ ደምስሶ እንደ ገና «ጀምር» አይበል፤ የጎደለውን ለይቶ በሚገባን ቋንቋ ይንገረን።

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ፥ መታወቂያችንና ብዙ ጉዳያችን በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ እየሠፈረ ነው። መዝገቡ የሚጠቅመው እውነት ሲኖርበት ነው። ከእኛ መካከል ነገ ፕሮግራም የሚሠሩ ይኖራሉ። እነዚህ ጓደኞቼ አንድ ሣጥን «የግድ» ከማለታቸው በፊት፥ ይህ ነገር የሌለው ሰው ማን ነው፥ እርሱስ ምን ይጽፋል ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ። ወላጆችና መምህራንም የወረቀቱን ቅጽ ስታዘጋጁ ይህንኑ ጠይቁ። በሐሰት ከተሞላ መዝገብ፥ በእውነት የጎደለ መዝገብ ይሻላል።